«ክልክል ላይ አውርደኝ»

መስከረም 28

ዝናቡ ያበቃ መሰለኝ። ልብስ አጠብኩ፣ ደረቀልኝም። ከሰዓት በሚስዮኑ ለሴቶቹ ስፌት አስተማርኩ። አንዷ እጅጌውን አንገቱ ላይ ሰፍታ መጣች… እንዳልስቅ ምላሴን ነክሼ ፈታሁላት።

ስመለስ ሽብሩ የግቢው በር ላይ ቆሟል፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ዛሬም አለፉ!»

«እነማን?»

«እነማን ትለኛለች ደግሞ! መኪኖቹ ናቸዋ!»

ይኼ ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ካፖ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ ሆኖ ለመንግሥት መንገድ ሲያሠራ ኖረ። ጡረታ ወጣና ለራሱ ሠራ። መሬታችን ከላይ ዋናውን መንገድ፣ ከታች የአርጆን መንገድ ይነካል። ባሕር ዛፉን በጋሪ ለማውጣት ብሎ ግቢውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ጠጠር አለበሰው፣ ደመደመው፣ ግራና ቀኙን ቦይ አወጣለት። በነቀምቴ እንደሱ የሚያምር መንገድ የለም። ታዲያ ሹፌሮቹ ዕውር ናቸው? የገበያውን ዳገት፣ ጭቃውን፣ አህያውን ትተው በኛ በኩል እልም!

መንገድ ሠርቶ፣ ሰው ሄደበት ብሎ የሚቆጣ… አላልኩትም። መጀመሪያ ራቱን ይብላ።

ጥቅምት 4

ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም ሲጽፍ ዋለ። «ይህ መንገድ የግል ነው፤ ማለፍ ክልክል ነው» ሊል ነው። ደህና። ግን «ክልክል» የምትለዋን አስቀድሞ፣ መሀል ላይ፣ በትልቁ ጻፋት። ለቀሪው ቦታ አነሰው። የቀረው እንደ ጉንዳን ዳር ዳሩን ይሄዳል። ከሩቅ የሚነበበው «ክልክል» ብቻ።

«ግማሾቹ ሹፌሮች ፊደል አያውቁም እኮ» አልኩት።

«ቀዩን ያውቃሉ።»

ልጃችን ኢትዮጵያ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ካስተማሪነት የተማረችው ይኼንን ነው፣ ሳይታወቅባት መሳቅ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች አስለመዷት።

ጽሑፉ ላይኛው በር ላይ ተሰቀለ።

ጥቅምት 11

ከገበያ ስመለስ እግሬን አመመኝና ጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ከጎኔ ዶሮ ያቀፈች ሴት። ገና ከመነሳታችን ረዳቱን «ክልክል ላይ አውርደኝ!» አለችው።

ክልክል ደግሞ የት ነው? ነቀምቴ ተወልጄ፣ ነቀምቴ አድጌ፣ ነቀምቴ ተድሬ እንዲህ የሚባል ሰፈር አላውቅም…

በራችን ላይ ወረደች። ከነዶሮዋ።

በገዛ ቆርቆሯችን ፌርማታ ከፈትን ማለት ነው። ለሽብሩ ልንገረው? አልነገርኩትም። ይድረስበት።

ጥቅምት 13

ደረሰበት። ራት አልበላም።

ጥቅምት 20

አሁን ደግሞ አጣና። በሩ ላይ አጋድሞት፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ፣ ራሱ ዱካ ላይ ቁጭ። ጥላ ይዟል። እንደ ኬላ ጠባቂ።

መጀመሪያ የመጣው ዋጋሪ ነው፣ የእህል ጫኙ ሹፌር። ወረደና «ኦቦ ሽብሩ፣ አከም ቡልተኒ?» አለው። እንግዲህ ሽብሩ ኦሮምኛውን የተማረው ከኔ ነው፤ ሰላምታውን እንዳያቋርጥ አድርጌ ነው ያስተማርኩት። ልጆቹ ደህና? ደህና። ከብቱስ? ደህና። ማሳውስ? ያማረ ነው። እናትህ ዳኑ? ዳኑ… በዚህ ሁሉ ደህንነት መሀል ሰውን እንዴት አድርገህ ትመልሰዋለህ? አጣናው ተነሳ።

ቀጥሎ የመጣው እርጉዝ ጭኗል። ተነሳ።

ቀጥሎ የባኬ ጃማ ሰፈሩ ቄስ ከፊት ወንበር ላይ። ሽብሩ የማርያም ሰው ነው፣ እንደኔ የሚስዮን ልጅ አይደለም። መስቀል ተሳለመ፤ አጣናው ተነሳ። ከሰዓት ያው ቄስ በሌላ መኪና። ወደ ማታ ያው ቄስ በሦስተኛ መኪና፣ አሁንስ እንቅልፍ ወስዷቸው።

«ይከራዩአቸዋል እንዴ?» አለኝ ሽብሩ።

ሆዴን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ኅዳር 2

ድንጋይ። ትልልቅ፣ ካንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር። ለራሱ ጋሪ መግቢያ እንኳ አልተወም።

ኅዳር 4

ድንጋዮቹ የሉም። ረዳቶቹ ወስደዋቸዋል… ለታኮ። ዳገት ላይ ሲቆሙ ጎማ ሥር የሚያስገቡት ጠፍቶባቸው ነበር አሉ። አንዱማ ሲያልፍ «ገለቶሚ ኦቦ!» ብሎ አመስግኖት ሄደ። እውነቱን ነው ያመሰገነው፣ አላሾፈም። ሽብሩን የገደለውም ይኼው ነው።

ኅዳር 9

አንድ ነገር አየሁ። ልጻፈው?

ሰማያዊ ኤንትሬ ጭነት መኪና አለ። የአርጆ ጭነት የሚያመላልስ። ሹፌሩ ፉፋ ይባላል፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ክላክስ የማያበዛ። ሌሎቹ የሚያቋርጡት የገበያውን ዳገት ሸሽተው ነው። ይኼኛው ግን ዛሬ ባዶውን ነበር። ባዶ መኪና ዳገት ምን ያስፈራዋል?

በቤታችን መስኮት ትክክል ሲደርስ ማርሽ ቀየረ። ቦታው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ማርሽ አያስቀይርም።

መስኮቱ ጋ ኢትዮጵያ ደብተር ታርማለች። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ናት። የሁለተኛ ክፍል ደብተር ይህን ያህል አይታረምም…

ኅዳር 16

ጠየቅኳት። በኦሮምኛ፤ የልብ ነገር የምናወራው በሱ ነው።

«ያ ማርሽ ቀያሪ ምን ይፈልጋል?»

ጆሮዋ ቀላ። ሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ነው የተያዩት፣ ከመዘምራኑ ጋር ወንበር ሲያነሱ። ዓመት ሊሆነው ነው! እኔ እናቷ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ እያለሁ!

«ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባዬን ፈርቶ ነው እስካሁን።»

«አባትሽን ማን ይፈራል?» አልኩ። እኔም ትንሽ ፈራሁ።

ኅዳር 23

ለሽብሩ ነገርኩት። ቀስ አድርጌ፣ ጥጋብ ላይ እያለ።

«ለሹፌር? በመንገዴ ለሚያልፍ ሹፌር?»

«በመንገድህ ማለፉን ተወው። ልጁ ጨዋ ነው።»

ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ወረደ። «ድርቤ፣ እኔ ስንት ሹፌር ከዲዴሳ ገደል በገመድ አውጥቻለሁ። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከረሜላ አለ፣ ለልጅ የተገዛ። ሚስቶቻቸው መንገድ ዳር ይመጣሉ… እኔ ነኝ የምነግራቸው። ካፖ ነኛ! ልጄን መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቅ ማየት አልችልም።»

ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን።

ለኢትዮጵያ «አይሆንም አለ» ብቻ አልኳት። አላለቀሰችም። እሱ ባሰብኝ። ደብተሮቹን ሰብስባ ከመስኮቱ ተነሳች።

ታኅሣሥ 5

መንገዱን ቆረጠው። ከታችኛው በር ገባ ብሎ፣ ካንዱ ቦይ እስከ ሌላው ቦይ፣ አግድም ጉድጓድ። ከጉልበት በላይ የሚጠልቅ። ለራሱ ጋሪ ጣውላ ያጋድምበታል፣ ሲያበቃ ያነሳዋል። ማንም ሳይረዳው በራሱ ዶማ ቆፈረው። እልህ ነው… ወይስ ሌላ ነገር? ሰውየው መኪና ብቻ አይደለም የሚከለክለው መሰለኝ።

አሁን በእውነት ማንም አያልፍም። ሰማያዊውም። ቤቱ ጭር አለ። ኢትዮጵያ ራት ላይ «ጨው አቀብዪኝ» ብቻ ነው የምትለው። አባቷንማ ጨውም አትለው።

ታኅሣሥ 12

ልሳቅ ወይስ ልደንግጥ አላውቅም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሌሊት ያለ ወቅቱ ዘነበ። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፣ ላዩ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተንሳፈፈ፤ ላላወቀው ተራ ኩሬ ነው። ረፋድ ላይ አንድ ላንድሮቨር በታችኛው በር ገባ። የከተማችን አይደለም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ… ጓ! አፍንጫውን ቀበረ።

ሽብሩ ዱላውን ይዞ ከቤት ወጣ። «ያዝኩት! ያዝኩት!» እያለ። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት የሠርጋችን ዕለት ነው።

ደርሶ ወደ ውስጥ ሲያይ ሦስት ሽማግሌዎች። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ከዘራቸውን፣ የነዱትም መሪውን እንደያዙ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው። ማንም አልተጎዳም፣ ጌታ ይመስገን። የአንደኛው ባርኔጣ ብቻ ውሃው ላይ ይዋኛል።

ትልቁ በመስኮት ብቅ ብለው «አከም ጅርቱ?» አሉ። ሰላምታ ቀደሙት! «ጨመዳ እባላለሁ። ከአርጆ ነው የመጣነው። የፉፋ አባት ወንድም ነኝ። መንገድ ላይ የኦቦ ሽብሩን ቤት ብንጠይቅ ‹በክልክል ግቡ፣ ይቀርባችኋል› አሉን።»

የሽብሩ ዱላ ቀስ እያለ ወደ ኋላው ተደበቀ።

«ውጡ፣ ውጡ አባቶቼ! እጅዎን ይስጡኝ!»

«አንወጣም» አሉ ኦቦ ጨመዳ።

«እንዴት?»

«ሽማግሌ የሰው ደጅ ሲመጣ፣ ጥያቄው ሳይመለስለት አይቀመጥም። እኛ ይኸው አስቀመጥከን። እንግዲህ ጥያቄያችን ሳይመለስ አንነሳም።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በዚያው እንደተንጋደዱ። «ልጅህን ኢትዮጵያን ለልጃችን ስጠን።»

ከሥራቸው ያሉት ሽማግሌ በታፈነ ድምፅ «ቀስ በል ጨመዳ፣ ኢትዮጵያን ስጡን ስትል ሰው ቢሰማ ሌላ ይመስለዋል» አሉ።

ጎረቤቱ ተሰብስቧል። አንዳንዱ አጥሩ ላይ ወጥቷል። ሽብሩ አየኝ። እኔ ዛፉን አየሁ።

«ጉድጓድ ውስጥ ሆናችሁ ቃል አልሰጥም። ይኼ ማስገደድ ነው» አለ።

«ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?»

ሽብሩ ጎንበስ ብሎ የሚዋኘውን ባርኔጣ አወጣ።

ጎረቤቱ ገፋ፣ ሳበ፣ መኪናው ንቅንቅ አልል አለ። ጎታች መኪና ያስፈልጋል። ማን ይጥራ ሲባል ኢትዮጵያ የለችም። ጫማዋን ሳታደርግ በላይኛው በር ወጥታ ሮጣለች፣ አስተማሪዋ! ብዙ አልቆየችም፣ ሰማያዊው ኤንትሬ መጣ። ለካ ልጁ ወሬውን ለመስማት እዚያው ሰፈር ዳር አቁሞ ጥፍሩን ሲበላ ኖሯል።

ላይኛው በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በዚያ በር ስንቴ አልፏል! ዛሬ ቆመ። ወረደ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ሽብሩ እስኪደርስ ጠበቀ።

«ኦቦ ሽብሩ፣ ክልክል ነው ይላል። ልግባ?»

ሽብሩ ቆርቆሮውን አየ፣ ልጁን አየ፣ በጭቃ የተለወሰውን የኢትዮጵያን እግር አየ።

«ግባ» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

«አልሰማንም!» አሉ ኦቦ ጨመዳ ከጉድጓዱ።

«ግባ ብዬዋለሁ!»

ፉፋ ገባ። ወዲያው አልጎተተም። መሬቱን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገ፣ የረጠበው ጋ ቅርንጫፍ አነጠፈ፣ የሽቦውን ገመድ ቋጠሮ ሁለቴ አየ፣ ሰዉን ሁሉ ከገመዱ አራቀ፣ ሽብሩን ጭምር «አባቴ፣ ትንሽ ወደዚያ» ብሎ። ከዚያ መኪናው መንቀሳቀሱ እስኪያጠራጥር ድረስ በዝግታ ሳበ። ላንድሮቨሩ እንደ ጥጃ ከጉድጓዱ ተወለደ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸው እንኳ አልተገፈፈም።

ሽብሩ ከልጁ እጅ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። እኔ ደግሞ ከሽብሩ ላይ።

«ዲዴሳ ላይም እንዲህ ነው የምትነዳው?» አለው።

«ዲዴሳ ላይ ከዚህም ቀስ ብዬ ነው። ከነጋዴው ጋር የሚያጣላኝ እሱ ነው፣ ዘገየህ እያለ።»

ሽማግሌዎቹን አስገባን። እርጥቡን አውልቀው የሽብሩን ካፖርትና የኔን ሻል ደረቡ። ኦቦ ጨመዳ በሻሌ አማረባቸው። ሽብሩ «እስቲ ልጅቷም ትጠየቅ» አለ።

«አባዬ» አለች ኢትዮጵያ፣ «በባዶ እግሬ ሮጬ ጠርቼዋለሁ እኮ። ሌላ ምን ልበል?»

ሽብሩ አንገቱን ደፋ። ሲያለቅስ ሰው እንዲያየው ስለማይፈልግ ጫማውን የሚያስር መሰለ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ታኅሣሥ 14

ጉድጓዱን ደፈነው። እንዲህ ጥብቅ አድርጎ የደመደመው መንገድ የለም። «ለሽማግሌዎቹ መመለሻ ነው» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ትናንት ሄደዋል።

ጥር 26

ዳርናት። በሁለት ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ በሁለት ቋንቋ፣ በአንድ ዳስ። ሙሽራውን ያጀቡት ሹፌሮች ናቸው፤ ክላክሳቸው ከተማውን አደነቆረ። ሽብሩ «ይበቃል!» እያለ ይቆጣል፣ ግን እጁ ያጨበጭባል። አሁን ቤቱ ውስጥ ድስት ብቻ ቀርቷል። ብዙ ድስት።

መጋቢት 8

የሚገርም ነገር። መንገዱ ክፍት ነው፣ ማንም አያልፍበትም። ዋጋሪን ገበያ አግኝቼ ጠየቅኩት።

«የፉፋ አማት ደጅ ነው፣ አዴ ድርቤ። በአማት ደጅ መኪና እያንጓጓን እንዴት እናልፋለን? ነውር ነው። ፉፋ ለሁላችንም ነግሮናል።»

ቆርቆሮ ያልቻለውን፣ አጣና ያልቻለውን፣ ድንጋይ ያልቻለውን ዝምድና ቻለው።

ለሽብሩ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ።

«ጥሩ ነው» አለ። ዱካውን ይዞ ወጣ። እስኪመሽ ተቀመጠ። «ዛሬም ማንም አላለፈም» ብሎ ገባ። ድምፁ ግን ክስ ነው የሚመስለው…

ሰኔ 17

ዝናቡ ጠጠሩን አጠበው። ሽብሩ ሲሞላ ዋለ። ለማን? አልጠየቅኩትም። አንድ የሚስዮን ላንድሮቨር ተሳስቶ ሲገባ ግን እሱ ራሱ እጁን አውለብልቦ አሳለፈው። ከዚያ ወዲያ ሲያፏጭ አመሸ።

ኅዳር 12

ትናንት ዋጋሪ መልእክት አመጣ። ወልዳለች! ወንድ። ሁለቱም ደህና።

ሳይነጋ ለብሶ ቆመ። ኮፍያውን ሁለቴ አወለቀ፣ ሁለቴ አደረገ። በዋጋሪ መኪና፣ ጋቢና፣ እኔ መሀል። አርጆ ዛሬ ሸሸች እንዴ? ሽብሩ እያንዳንዱን ኩርባ ይሳደባል፤ ግማሾቹን እሱ ነው ያሠራቸው።

መንገዱ ኮረብታውን ሲዞር፣ ወደ ግራ በማሳ መሀል የሚገባ ጥርጊያ አየ።

«ይኼ የት ያወጣል?»

«ማዶ ያወጣል ኦቦ፣ ግን የሰው ግቢ ነው» አለ ዋጋሪ።

«መንገድ ነው እኮ።»

«የግል ነው።»

ሽብሩ ጢሙን አሻሸ። «አንዴ ብቻ። ማን ያየናል?»

ዋጋሪ አየኝ። እኔ መሪውን አየሁ። አንዴ ከሳቅኩ እንደማላቆም አውቃለሁ።

ገባን። ማሳው መሀል ስንደርስ አንድ ሰውዬ በቆሎውን ገልጦ ወጣ። ዱላ ይዟል። ፊቱ… ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ዓመት ሙሉ ራት አቅርቤለታለሁ።

«መንገድ አጥታችሁ ነው?» አለ በኦሮምኛ።

ሽብሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ወንድሜ፣ ልጄ ወልዳ ነው! የመጀመሪያዋ ነው! ይቅርታ አድርግልኝ!»

«በዚህ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ልጁ ወልዳለች! ያልወለደች ልጅ በዚህ አገር የለችም!»

ፈነዳሁ። እንባዬ እስኪወርድ። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ የሽብሩን ፊት አየ፣ ዱላውን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ» አለ ሽብሩ።

«ሂዱ እሺ። ስትመለሱ ግን በዋናው!»

ሽብሩ እስከ አርጆ ድረስ አንድ ኩርባ እንኳ አልተሳደበም። እኔም አልቀለድኩም። ከሁሉ የሚከብደው ይኼ ነበር።

ልጁን አቀፈ። ፉፋ አጠገቡ ቆሟል። ሽብሩ የልጁን ጣት አንድ በአንድ ዘረጋ፣ እንደ ካርታ። «መሪ የሚይዝ እጅ ነው» አለ። ፉፋ ሊስቅ ነው ሊያለቅስ ነው? ኢትዮጵያ ግን ከአልጋዋ «አባዬ፣ ገና ጡት አልያዘም!» ብላ ሁላችንንም ገላገለችን።

ኅዳር 17

ስፌቱ ይጠብቀኛል፣ መመለስ አለብኝ። ሽብሩ «ትንሽ ልሰንብት» አለ። የፉፋ ቤት ደጅ ጎርፍ ቦርቡሮታል፣ ቦይ ያስፈልገዋል አለ። ልጁን በአንድ እጁ፣ ዶማውን በሌላው እጁ ይዞ ሸኘኝ። መቼ ትመጣለህ አላልኩትም። ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ብቻዬን ከዋጋሪ ጋር ተመለስኩ። ነቀምቴ ስንገባ ገበያ ነው። ዳገቱ በአህያ ተዘግቷል፣ እኔን ደግሞ ደክሞኛል።

«በኛ በኩል አቋርጥ» አልኩት።

ደነገጠ። «አዴ ድርቤ! ኦቦ ሽብሩስ?»

«ኦቦ ሽብሩ አያት ሆኗል። እለፍ።»